ፊልትሮው መደርደሪያ ላይ ከሌለ እቅድ የለም፦ ባህርዳር ላይ የማሽነሪ ሰርቪስ እቅድ ስሠራ ያየሁት

ስራዬ የኮንትራክተር ማሽነሪ ጥገና እቅድ ነው። ቢሮዬ ባህርዳር ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ማሽኖቹ ግን አንዱ መሸንቲ በኩል፣ ሌላው ሐሙሲት፣ ሌላው ወረታ አልፎ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ የቀረው ደሞ ድንጋይ ማውጫ ጋ ነው ሚውለው። ኤክስካቫተር፣ ዶዘር፣ ግሬደር፣ ሎደር፣ ሮለር፣ ገልባጭ፣ ቦቴ፣ ጄኔሬተር ሁሉም አለ፣ ካተርፒላርም ኮማትሱም ሲኖም ተደባልቆ። አዲስ ወደዚህ ስራ የሚገቡ ልጆች ሲመጡ ሁሌ ሚጠይቁኝ "እቅዱን እንዴት ነው ምትሠራው" ነው፣ ላንዱ ነግሬ ለሌላው ከምደግም ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ፎገራ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ስራ ላይ ያለ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የማሽኑ መጽሐፍ ላይ ያለው ሠንጠረዥ እቅድ አይደለም። በየ10 ሰዓቱ ይሄን እይ፣ በ50 ግሪስ፣ በ250 የሞተር ዘይት፣ በ500 የናፍጣ ፊልትሮ፣ በ1000 የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ በ2000 እንዲህ አርግ የሚለውን ሁሉም መካኒክ በቃሉ ያውቀዋል (በነገራችን ላይ ሰዓቶቹ ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ፣ የራሳችሁን መጽሐፍ እዩ)። ብዙ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ይሄ ሠንጠረዥ ተለጥፎ አይቻለሁ፣ እዛው ጋራዥ ውስጥ ደሞ 250 ላይ መቀየር የነበረበት ዘይት 400 ሰዓት አልፎት ማሽኑ ሳይት ላይ እየሠራ ነው። ሠንጠረዡን የማያውቅ ሰው ስለሌለ አይደለም እንዲህ የሚሆነው፣ ወይ የማሽኑ ሰዓት በትክክል ስለማይታወቅ ነው፣ ወይ ፊልትሮው ስለሌለ ነው፣ ወይ ደሞ ሳይቱ ማሽኑን አላቆምም ስላለ ነው። ሌላ ምክንያት ብዙም አላየሁም። ስለዚህ እኔ ጊዜዬን የማጠፋው እነዚህ ላይ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። የታይም ኪፐሩ (የስራ ሰዓት መዝጋቢው) ወረቀት ላይ የተሞላው ሰዓት የሂሳብ ሰዓት ነው፣ ማለትም የሚከፈልበት፣ ማሽኑ ሞተሩን አስነስቶ የሠራበት ሰዓት አይደለም። 8 ሰዓት ተሞልቶ ማሽኑ 5 ሰዓት ብቻ የሠራበት ቀን አለ፣ 8 ተሞልቶ ኦፕሬተሩ ለምሳ ሲሄድ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቶት 10 የቆጠረበትም አለ። በዚህ ወረቀት ላይ ተመስርታችሁ ሰርቪስ ካሰላችሁ ወይ ያልደረሰ ዘይት ትደፋላችሁ ወይ ያለፈበት ታስቀራላችሁ። እኛ ጋ የሠራልን መፍትሄ በጣም ቀላል ነው፣ ማታ ማሽኑ ሲቆም ኦፕሬተሩ ወይ ረዳቱ የሰዓት ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይጥላል፣ በቃ። ቁጥር ጽፎ እንዲልክ አታርጉት፣ ፎቶ ነው የሚላከው፣ ምክንያቱም ቁጥር በስልክ ሲነገር 6140 ሄዶ 6410 ይሆናል ወይም ደሞ ያልሄደ ሰው ገምቶ ይጽፈዋል። ኔትወርክ የሌለበት ሳይት ከሆነም ችግር የለውም፣ ፎቶውን አንስቶ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ይልከዋል።

ቆጣሪው የተበላሸ ማሽን ካለ (ደሞ ሁሌም ይኖራል፣ በተለይ የቆዩት ላይ) በናፍጣ ቁጠሩት። ማሽኑ በሰዓት በአማካይ ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ከናፍጣ መሙያ መዝገቡ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ በሰዓት 15 ሊትር የሚወስድ ኤክስካቫተር ከሆነ 250 ሰዓት ማለት 3750 ሊትር ነው፣ ካለፈው ሰርቪስ ወዲህ የተሞላለት ናፍጣ እዛ ሲጠጋ ሰርቪሱ ደረሰ ማለት ነው። እንደውም ከባድ ስራ ላይ ያለ ማሽን ብዙ ስለሚጠጣ በናፍጣ ሲቆጠር ሰርቪሱ ቶሎ ይደርስለታል፣ ያ ደሞ ትክክል ነው። ለገልባጮቹም ከድንጋይ ማውጫ እስከ ክራሸር (ድንጋይ መፍጫው) አጭር መንገድ የሚመላለሱ ከሆነ በኪሎ ሜትር ብቻ ማየት ያታልላል፣ ሙሉ ቀን ሰልፍ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሞ ውሎ ኪሎ ሜትሩ ምንም አይልም፣ እነሱንም በናፍጣ እዩዋቸው።

ሰዓቱ በየማታው ከገባላችሁ የቀረው ተራ ሂሳብ ነው። ኤክሴል ላይ ለያንዳንዱ ማሽን የዛሬ ሰዓት፣ ቀጣይ ሰርቪስ ስንት ላይ እንደሆነ፣ የቀረው ሰዓት፣ በቀን በአማካይ የሚሠራው። ግሬደሩ 6140 ላይ ከሆነና ቀጣዩ 6250 ከሆነ 110 ሰዓት ቀርቶታል፣ በቀን 8 የሚሠራ ከሆነ 14 ቀን አካባቢ ነው፣ እና ቀኑን አሁኑኑ ጻፉት። የቀረው ሰዓት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደር፣ ከላይ ያሉት የዚህ ሳምንትና የሚቀጥለው ሳምንት ስራ ናቸው። እኔ 10 በመቶ ነው ወዲያና ወዲህ የምፈቅደው፣ 250 ከሆነ ከ225 እስከ 275 ባለው ውስጥ ከተሠራ በሰዓቱ ተሠርቷል ብዬ እይዘዋለሁ፣ ከዛ ካለፈ ግን ዘግይቷል ተብሎ በቀይ ይጻፋል፣ አለቃም መጣ ማንም መጣ አይሰረዝም። ኤክሴሉን ደሞ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አትተዉት፣ ጋራዡ በር ላይ ሁሉም ሰው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ መካኒኩ ሳይጠራ ራሱ ነገ ምን እንደሚጠብቀው ያያል።

አሁን ወደ ፊልትሮው። እኔ በዚህ ስራ ውስጥ ከምንም በላይ የማምነው ይሄን ነው፣ ማሽኑ ከመቆሙ በፊት እቃው መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት። አዲስ አበባ ከኛ 500 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ እቃው እዛ ተገኝቶ በባስ ተጭኖ እንኳን እስኪመጣ ቀን ያልፋል፣ ካልተገኘ ደሞ ሳምንትም ወርም ነው። ማሽኑን አቁሞ ፊልትሮ ፍለጋ መላክ ማለት ሳይቱ ሁለተኛ ማሽን አቁም ስትሉት እንዳያምናችሁ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስቶር ኪፐሩ ለዛ ማሽን የሚሆነውን በሙሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ያስገባል፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ውሃ መለያ፣ ጎሚኒው (ማሸጊያ ላስቲኩ)፣ ላዩ ላይ የማሽኑ ኮድና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገባ ይጻፍበታል። ካርቶኑ ካልሞላ ቀኑ አይቆረጥም።

አመቱን ሙሉ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማወቅም ከባድ አይደለም። እኛ ጋ ዋናው የስራ ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት 8 ወር ነው፣ በወር 200 ሰዓት ብንይዝ አንድ ኤክስካቫተር 1600 ሰዓት ይሠራል። 1600 ውስጥ 250 ስድስት ጊዜ ይገኛል፣ ስለዚህ ስድስት የሞተር ዘይት ፊልትሮ፣ ከነሱ ውስጥ 500 ላይ፣ 1000 ላይ፣ 1500 ላይ የሚመጡት ሦስቱ የናፍጣ ፊልትሮም ይፈልጋሉ፣ 1000 ላይ አንድ ጊዜ የሃይድሮሊክ ፊልትሮ አለ። ለያንዳንዱ አንድ አንድ መጠባበቂያ ጨምሩ። የአየር ፊልትሮ በዚህ አይሰላም፣ እሱን አቧራው ነው የሚወስነው። ይሄን ለሁሉም ማሽን ደምራችሁ ሐምሌ 1 በጀት ሲጀመር ግዥ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፣ የአመቱን ዝርዝር ቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ቢያንስ ምን ያህል እንደሚጎድለው ያውቃል።

ስለ ፎርጅድ ፊልትሮ አንድ ቃል፣ ማሸጊያው ኦሪጅናል መምሰሉ ምንም ማለት አይደለም። የተቀየረውን አሮጌ ፊልትሮ ሁሌ ቆርጣችሁ ክፈቱት። ወረቀቱ ተሰባብሮ ወይ ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይ ሙጫው ከለቀቀ፣ ያ ፊልትሮ ዘይቱን ሳያጣራ ሲያሳልፈው ነበር ማለት ነው፣ ከማን እንደተገዛ ደረሰኙን አውጥታችሁ ከዛ መግዛት አቁሙ። ቆርጦ መክፈት ሌላም ጥቅም አለው፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ ሞተሩ ከውስጥ እየተበላ ነው። የፋይናል ድራይቩ (ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው የጊር ክፍል) ዘይት ማፍሰሻ ብሎን ማግኔት ካለው እሱንም እዩት፣ እንደ ጭቃ ያለ ጥቁር ልስላሴ የተለመደ ነው፣ ስንጣሪ ብረት ግን የተለመደ አይደለም። አንድ ዶዘራችን ላይ ስንጣሪ አይተን ቶሎ ከፍተነው ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ብቻ ተቀይሮ ተርፏል፣ አንድ ወር ቢሰነብት ጊሩ አብሮ ይሄድ ነበር።

ማሽኑን ማስቆም ላይ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የሳይት ኢንጂነሩ ጠላት አይደለም፣ እሱም የሚጠየቅበት ኪዩብ (በኪዩቢክ ሜትር የሚለካ የስራ መጠን) አለው። ድንገት ጠዋት ደውላችሁ "ሎደሩን ዛሬ እፈልገዋለሁ" ካላችሁት እምቢ ማለቱ ትክክል ነው፣ ሎደሩ ሲቆም ከኋላው የተሰለፉት ገልባጮች በሙሉ ይቆማሉ። እኔ ሰኞ ሰኞ የሁለት ሳምንቱን ዝርዝር ይዤ ነው የማናግራቸው፣ "ኢንጂነር፣ ሎደሩ በዚህና በዚህ ቀን መሀል ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ቀኑን አንተ ምረጥ፣ እቃው ዝግጁ ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ትረከበዋለህ።" ቀኑን ራሱ ሲመርጥ አያፈርሰውም፣ እናንተም ባላችሁት ሰዓት አስረክቡ።

እኛ አካባቢ ደሞ የተፈጥሮ ክፍተት አለ። ገጠር ሳይቶች ላይ በወርኃዊ በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም የጉልበት ሠራተኛው አይገባም፣ ገበሬውም ማሳው አጠገብ ማሽን ሲቆፍር ደስ አይለውም፣ እና ስራው በግማሽ ይቀዘቅዛል። ለምን እንታገላለን፣ ከባዱን ሰርቪስ እነዚህ ቀኖች ላይ ነው የምንጥለው። ከመካኒኮቹ ጋር ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የሚያከብረው ቀን ያለው ሰው ይኖራል፣ እሱ በሌላው ይገባል፣ ማንንም ማስገደድ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ሎደሩ ላይ የ500 ሰርቪስ ስንሠራ የፋኑ ኩሽኔታ ድምፅ እንዳለውና ችንጋው (ቀበቶው) እንደተሰነጣጠቀ ተጽፎ ነበር፣ እቃው ታዞ ሲመጣ ማርያም ላይ ተቀየረ፣ ክራሸሩ አንድም ሰዓት አልቆመም። ዘይት መቀየር የሰርቪሱ ግማሽ ብቻ ነው፣ ግማሹ ማየት ነው፣ የታየው ነገር ተጽፎ ካልታዘዘ ደሞ ማየቱም ዋጋ የለውም። ሰርቪስ ወረቀታችሁ ግርጌ "የታየ ችግር" የሚል ባዶ ቦታ ይኑረው፣ ባዶውን ከመጣ መልሱት፣ ምንም የማይታይበት ማሽን የለም።

የአካባቢያችንን ነገር መጽሐፉ አያውቀውም፣ እሱን እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት። ፎገራ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ደሞ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ማታ ማሽኑ ሲቆም ሳይደርቅ ይጠረግ፣ ሰንሰለቱም እዛ ሲሠራ ከተለመደው ትንሽ ላላ ይበል፣ ምክንያቱም ጭቃው ራሱ ይወጥረዋል፣ ተወጥሮ የሠራ ሰንሰለት ፒኑንም ቡሹንም ስፕሮኬቱንም ይበላል። የሰንሰለት ማሽን ከጥገና ወጪው ግማሽ የሚጠጋው እዚህ ስር ነው ያለው፣ ስለዚህ ለማታው ጠረጋ 15 ደቂቃ አትሰስቱ። የባልዲው ፒኖች ጭቃና ውሃ ውስጥ ሲሠሩ በየቀኑ ግሪስ ይፈልጋሉ፣ አዲሱ ግሪስ ጭቃውን ገፍቶ እስኪወጣ ድረስ።

ድንጋይ ማውጫው ላይ ጠላቱ አቧራ ነው፣ በተለይ ከታህሳስ በኋላ። እዛ የማየው ትልቁ ጥፋት ኦፕሬተሩ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ በጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት መንፋት ነው፣ ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ይቀደዳል፣ ከዛ ሞተሩ አቧራ ይበላል። ከ2 ባር ባልበለጠ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ውጨኛውን ብቻ። የውስጠኛው አይነፋም አይታጠብም፣ ይቀየራል። ብሬከር ገጥሞ ድንጋይ የሚሰብር ኤክስካቫተር ደሞ የሃይድሮሊክ ዘይቱና ፊልትሮው በተለመደው ሰዓት አይጠበቅም፣ ብዙዎቹ መጽሐፎች ለብሬከር ስራ የተለየ አጭር ሰዓት አስቀምጠዋል፣ ፈልጋችሁ እዩት፣ ኤክሴሉ ላይም ለብቻው ያዙት።

ውሃ ነገር። እዚህ ጣና ዳር ውሃ ሞልቷል፣ ራዲያተር ሲጎድል ኦፕሬተሩ በጀሪካን ከወንዙ ቀድቶ ይሞላል። ይሄን አስቁሙት፣ ኩላንቱ ከዝገት መከላከያው ጋር ተደባልቆ በርሜል ውስጥ ሳይት ላይ ይቀመጥላቸው፣ ካልተቀመጠላቸው ግን አትቆጧቸው፣ ሌላ ምን ያርጉ። ባህርዳር ከባህር ወለል 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ሲይዝ ነው መፍያውን ከ110 በላይ የሚያደርሰው። ክዳኑ ጎሚኒው ካለቀ ማሽኑ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ ሰው ግን ቴርሞስታት ይቀይራል፣ ፖምፓ ይፈታል፣ ሲብስ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያወርዳል። ማሽን ፈላ ሲባል መጀመሪያ ክዳኑን እዩ።

ናፍጣም እንደዛው። በርሜሉ ክረምት ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ላዩ ላይ ዝናብ ይጠራቀማል፣ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ በክዳኑ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አጋድሙት፣ ሁለቱ ክዳኖች በአግድም እኩል ሆነው ናፍጣው እንዲሸፍናቸው አርጋችሁ። ስትቀዱ ደሞ አቁማችሁ አሳድሩት፣ ከታች ያለውን አትሳቡ። ጠዋት ጠዋት የውሃ መለያውን ከፍቶ ማፍሰስ የረዳቱ የመጀመሪያ ስራ ይሁን፣ አሁን ያለው ኢንጀክተር ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ክረምት ላይ ማሽኖቹ ሲገቡ ብዙ ቦታ ጋራዡም አብሮ ይተኛል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ማንም "አምጣ" ሳይለን ትልልቁን ስራ ምንሠራበት ብቸኛው ወቅት ነው። አመቱን ሙሉ "የታየ ችግር" ተብሎ የተጻፈው ሁሉ እዚህ ይወጣል፣ ሰንሰለት ይለካል፣ ሲሊንደር ይታሸጋል፣ የባልዲ ጥርስ ይቀየራል፣ ስንጥቅ ይበየዳል። ኦፕሬተሮቹንም ለክረምት አታሰናብቷቸው ብዬ ሁሌ እከራከራለሁ፣ አንድ የቆየ ኦፕሬተር ማሽኑ ጎን ቆሞ "ይሄ ነገር ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል" ሲል መካኒኩ አንድ ሳምንት የሚፈልገውን ነው የሚነግረው። "ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን የተለየ ድምፅ ሰሙ?" ብላችሁ ጠይቁና የሚሉትን ጻፉ። የሚቆሙት ማሽኖች ደሞ ጭቃ ላይ አይቁሙ፣ እንጨት ላይ ይውጡ፣ ሳልባትዮው (የናፍጣ ታንኩ) ሙሉ ይሁን ውስጡ ጤዛ እንዳይዝ፣ የሲሊንደሩ ብረት ውጭ የቀረው በግሪስ ይቀባ፣ ጭስ ማውጫው ይከደን፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ በየሁለት ሳምንቱ ተነስቶ በደንብ እስኪሞቅ ይሥራ፣ ሁሉም ሲሊንደር ይንቀሳቀስ።

ጄኔሬተሩን፣ ኮምፕረሰሩን፣ የውሃ ፖምፓውን አትርሱ። ኦፕሬተር የሌለው እቃ ነው ባለቤት የሚያጣው፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታወስ፣ ክራሸሩ ግን በእሱ ነው የሚሠራው። እነሱም ኤክሴሉ ላይ ኮድ ይኑራቸው፣ ፎቶውንም ጥበቃውም ቢሆን ያንሳ።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ፣ ለፋይናንስ ስትጽፉ "ለጥገና ይህን ያህል ብር" ብላችሁ አትላኩ፣ አይፈቀድም። ማሽን በማሽን ጻፉት፣ ይሄ ኤክስካቫተር እስከ ግንቦት ስድስት ሰርቪስ አለው፣ ዝርዝሩ ይሄ፣ የመጀመሪያው በዚህ ወር ነው፣ ከጎኑ ደሞ አምና ይሄው ማሽን በብልሽት ስንት ሰዓት እንደቆመና ያ ሰዓት በኪራይ ዋጋ ሲሰላ ስንት እንደሚመጣ አስቀምጡ። የብልሽቱን ሰዓት ከየማታው ፎቶ ታገኙታላችሁ፣ ቆጣሪው ያልተንቀሳቀሰባቸው ቀኖች እዛው ናቸው። እኛ ጋ በዚህ መልክ የተጻፈው ጥያቄ ነው ከግማሽ በላዩ በአንድ ጊዜ የተፈቀደልን፣ የቀረውን በሁለት ዙር ለቀቁት፣ እና በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ተሞልተው ነበር።